የቀደመችኝ ጎረቤት

የጤና ኮሌጁ ተማሪዎች ነጭ ካፖርት ለብሰው በጎንደር ሰፈሮች መታየት በጀመሩበት ዘመን እኔ በዚያው ከተማ ግብረ ገብና አማርኛ አስተምር ነበር። በጥር ተክለ ሃይማኖት ዕለት ወዳጅ ለመጠየቅ ወደ አዘዞ ወርጄ ስመለስ ማኪናው ከነጓዙ ሞልቶ አገኘሁትና በእግሬ ተነሣሁ። ዳገቱ ሊጀምር ሲል ጣልያን በመንገዱ ዳር ከተከላቸው የኪሎሜትር ድንጋዮች ባንዱ ላይ፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው የተቀመጡ አንዲት ሴት አየሁ። ቀረብ ስል ወይዘሮ ሸዋገነት ናቸው።

ወይዘሮ ሸዋገነት ከቀሐ ወንዝ በላይ ባለው ሰፈራችን ስማቸው በክብር የሚጠራ ሴት ነበሩ። ጾም አይሽሩም፤ ቅዳሴ አያስታጉሉም፤ የማርያምን ጽዋ ሲደግሱ የሚቀር ሰው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ሴቶቹ መንገድ ይለቁላቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው በመንገድ ዳር ብቻውን ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጦ ሳይ ገረመኝ።

«እትዬ ሸዋገነት፣ እንደምን ዋሉ? ምነው ብቻዎን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተ እንደምን ዋልክ መምህር? አዘዞ ተክለ ሃይማኖትን በእግሬ ደርሼ ልመለስ ተስዬ ነበር። መሄዱን ሄድኩት፤ መመለሱ ግን ጉልበቴን አሸነፈው።»

ክንዴን ይዘው ተነሡና ቀስ እያልን ዳገቱን ያዝን። ብዙ ከሄድን በኋላ ድንገት ቆም አሉ።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ፍረድ። ዕድሜዋን ሙሉ የጾመችውን፣ የጸለየችውን፣ ጧፉንና ዕጣኑን ሳታጓድል የኖረችውን ሴት፣ ትናንት ከጭልጋ የመጣች ፈታይ ትበልጣታለች?»

ማንን እንዳሉ ወዲያው ገባኝ። እንኳየሁ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ ፈትላ በቅዳሜ ገበያ እየሸጠች የምትኖር ሴት በሰፈራችን ነበረች። ጠላ በመሸጥ የሚተዳደሩት ወይዘሮ አባይነሽ ሳል ይዟቸው አልጋ ላይ ሲወድቁ፣ ሰው ሁሉ በሽታውን ፈርቶ ሲሸሽ፣ እንኳየሁ ብቻ ማለዳ ማለዳ እየገባች ውሃ ትቀዳላቸው፣ እሳት ታነድላቸው፣ ልብሳቸውን ታጥብላቸው ነበር። ከጥምቀት በፊት በነበረው ሰንበቴ አባ ተክለ ጊዮርጊስ ከጸበል ጻዲቁ በኋላ ተነሥተው፣ «ክርስትና ምን እንደሚመስል ማየት የሚወድ የእንኳየሁን እጅ ይይ» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። አባ ደግሞ የወይዘሮ ሸዋገነት የንስሐ አባት ናቸው።

«እኔ እዚያው ተቀምጬ!» አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት። «የለበሱትን ካባ ያሠራሁላቸው እኔ። በክርስትናው ቤት፣ በተዝካሩ ቤት ከጎናቸው የማልለየው እኔ። ስሟን ሲጠሩት ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አንድ ሰው እንኳ ወደኔ አልዞረም።»

«አባ እኮ የእርስዎን ጾምና ጸሎት አላጣጣሉም።»

«አላጣጣሉም፤ ዝም አሉት። ዝም መባል አይብስም?»

ቅናት ከሌሎቹ ሕመሞች የሚለየው በዚህ ይመስለኛል፤ የያዘው ሰው ራሱን ታማሚ ሳይሆን ተበዳይ አድርጎ ያያል። ስለዚህ ባልቆጣቸው ይሻላል አልኩና በጥያቄ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በጾም ቀን ሳይበሉት የቀረውን ምሳ የት ያደርሱታል?»

«የት አደርሰዋለሁ? ለማታ ይቆያላ!»

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። «የጥንት አባቶች ጾምን ሲሠሩልን ከጿሚው አፍ የቀረው ለራበው እንዲደርስ ብለው ነበር ይባላል። ለማታ ከቆየ ምግቡ ሰዓት ተለወጠለት እንጂ ሰው አልጠገበበትም።»

«አሁን እኔን ንፉግ ልትለኝ ነው? ከደጄ የቆመ ነዳይ ባዶ እጁን ተመልሶ ያውቃል?»

«አያውቅም፤ ሰፈሩ ሁሉ ምስክርዎ ነው። ግን ከደጅ ለመጣ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ መምጣት ወደማይችለው መሄድ ሌላ ነገር ነው። ወይዘሮ አባይነሽ ከመደባቸው ተነሥተው ከእርስዎ ደጅ መቆም አይችሉም። ጌታችን በፍርድ ቀን ስለታመሙት ሲጠይቀን ‹ወደኔ አልመጡም› ብለን የምናመልጥ ይመስልዎታል?»

«በሽታው እኮ ይጋባል! ነፍስን መጠበቅስ ትእዛዝ አይደለም?»

«ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ነው እነዚያ የኮሌጁ ልጆች በየቤቱ እየዞሩ የሚያስተምሩት። መስኮት ይከፈት፤ በሽተኛው ሲስል አፉን በጨርቅ ይሸፍን፤ ጨርቁ ይቃጠል፤ የሚጠጣበት ዋንጫ ለብቻው ሆኖ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ የጠየቀው ሰውም ሲወጣ እጁን ይታጠብ ይላሉ። በሽታውን ብቻ ፈርተው ከሆነ ዘዴ አለው፤ ሆስፒታሉም መርፌ አለው። ግን እትዬ፣ የሚፈሩት በሽታውን ብቻ ነው?»

ከኋላችን የመጣ የጭነት ማኪና አቧራውን አልብሶን አለፈ። ወይዘሮ ሸዋገነት አቧራውን ከነጠላቸው እያራገፉ፣ ፊታቸውን ወደኔ ሳያዞሩ ተናገሩ።

«መጀመሪያ በሽታውን ፈራሁ፤ እውነት ነው። በኋላ ግን ልቤ አላስቀምጠኝ ሲል ከላሜ ያለብኩትን ወተት ይዤ ሄድኩ። አባይነሽ ባዳዬ አይደለችም። አብረን ነው ያደግነው፤ ልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ እሷ ናት። ከደጇ ስደርስ እንኳየሁ አንድ ነገር ትነግራታለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። አባይነሽ በዚያ በተሰባበረ ደረቷ ትስቃለች! ከኔ ጋር እንኳ እንዲያ የሳቀችበትን ጊዜ አላስታውስም። እኔ በገዛ ጓደኛዬ ቤት ሁለተኛ ሆኜ አልገባም አልኩና ወተቴን ይዤ ተመለስኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንዴት ልግባ? ብገባ ‹እንኳየሁን አይታ መጣች› ልባል ነው። ቀደመችኝ መምህር! ያቺ ሴት ቀደመችኝ!»

እንዲህ ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አዘንኩላቸው። ግን የምጠይቀው አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበርና ልተወው አልወደድኩም። ባለፈው ሰሞን የወይዘሮ አባይነሽ ወንድም በላቸው ከማክሰኝት መጥቶ፣ «እህቴ ሳትሞት ቤቷን ልትወርሺ ነው የምትመላለሺው» ብሎ እንኳየሁን በጎረቤት ፊት አዋርዶ አባርሯት ነበር።

«እትዬ ሸዋገነት፣ ያንን ወሬ ለበላቸው የነገረው ማነው?»

እግራቸው ቆመ።

«ማክሰኝት ገበያ በሬ ሊገዛልኝ ተቀጣጥረን አገኘሁት። ‹ያቺ ሴት ቤቱን በስሟ ልታስጽፍ ነው› አልኩት።»

«እውነት ነበር?»

«አላውቅም። አልጠየቅሁም። ስናገረው ግን ደስ አለኝ።»

ይህን ቃል ሲያወጡት ራሳቸውም የሰሙት ያን ጊዜ ይመስል ደነገጡ። የተማረ ነኝ የሚል ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር የሚለው አያጣም፤ እኔ ግን ክንዳቸውን ደግፌ መንገዱን ቀጠልኩ። ሰው የገዛ ክፋቱን በገዛ አፉ ሲሰማው ከማንም ስብከት ይልቅ ይሰማዋል።

«ታዲያ እንኳየሁ ከተባረረች ወዲህ ማን ያያቸዋል?» አልኩ።

«በላቸው ሠራተኛ እልካለሁ ብሏል።»

«ልኳል?»

«እኔ እንጃ። እሱም ጤፉን ከአውድማ ሳያስገባ የሚያስታውሳት አይመስለኝም።» ይህን ብለው በድንገት ወደኔ ዞሩና ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «አንተስ? አንተ ግብረ ገብ አስተማሪው! ቤትህ ከቤቷ በታች አይደለም? ስንት ጊዜ ገብተህ ጠየቅሃት?»

«አንድ ቀንም አልገባሁም» አልኩ።

«እንግዲያው ዳገቱን ሙሉ ምን ትሰብከኛለህ?»

እውነታቸውን ነበር። ለተማሪዎቼ ለባልንጀራ ስለ መድረስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሚያምር ጽሕፈት እጽፋለሁ፤ የሳሉን ድምፅ ግን በመስኮቴ በኩል ስሰማ መስኮቱን እዘጋ ነበር።

«ልክ ነዎት» አልኳቸው። «እንግዲያው ማንም ከማንም አይበልጥም። አሁን ቤታችን ሳንገባ አብረን እንግባ።»

ብዙ አቅማሙ። ደክሞኛል አሉ፤ ነገ አሉ፤ ሰው ምን ይለናል አሉ። እኔም ክንዳቸውን ሳልለቅ ከወይዘሮ አባይነሽ ደጅ ደረስን።

ከጣራው ጭስ አይወጣም። በሩ ገርበብ ብሏል። ስንገባ የታፈነ ቤት ሽታ ተቀበለን፤ ወይዘሮ ሸዋገነት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉና ከበሩ መድረክ ላይ ቆሙ። ምድጃው ቀዝቅዟል። እንስራው ባዶ ሆኖ በጎኑ ተጋድሟል። ወይዘሮ አባይነሽ በመደቡ ላይ፣ በአጎዛው ላይ ተኝተዋል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ፊታቸው አጥንት ብቻ ነው። የሰው ኮቴ ሰምተው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ።

«እንኳየሁ፣ መጣሽልኝ?»

ወይዘሮ ሸዋገነትን አየኋቸው። ያ ስም በፊታቸው ላይ እንደ ጥፊ አረፈ። ተመልሰው የሚወጡ መስሎኝ መንገድ ልዘጋባቸው ቃጣኝ። እሳቸው ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ቆዩና ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አውርደው በወገባቸው ታጠቁ። እንስራውን ብድግ አድርገው አዘሉት።

«እኔ ልውረድ፣ እትዬ» አልኩ።

«አንተ መስኮቱን ክፈት። እሳት አንድድ።»

እኚያ ሰው መንገድ የሚለቅላቸው ሴት፣ በአዘዞ ጉዞ በደከመ ጉልበታቸው፣ እንስራ አዝለው ወደ ቀሐ ሲወርዱ ጎረቤት ሁሉ ከየደጁ ወጥቶ ተመለከተ። ሲመለሱ ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ይወርድ ነበር። ውሃውን በቅል ቀድተው፣ የበሽተኛዋን ራስ በክንዳቸው ደግፈው፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠጧቸው። ቀጥሎ ውሃ አሙቀን ፊታቸውን፣ እጃቸውንና እግራቸውን አጠቡላቸው። ወይዘሮ አባይነሽ ነፍሳቸው መለስ ሲል ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሸዋዬ?» አሉ። «አንቺ ነሽ? ወተቱ ሲቋረጥብኝ የሞትሽ መስሎኝ አለቀስኩ እኮ።»

«የምን ወተት?»

«በየጊዜው የምትልኪልኝ ነዋ። እንኳየሁ ስታመጣልኝ ‹ይሄ ከእትዬ ሸዋገነት ነው፤ ራሳቸውን እያመማቸው ነው እንጂ ይመጡ ነበር፤ ጠጪ ብለውዎታል› ትለኛለች። መብል ሁሉ አስጠልቶኝ ነበር። ያንቺ ነው ስትለኝ ግን እንዴት እምቢ ልበል? ያቆመኝ ያንቺ ወተት ነው።»

ወይዘሮ ሸዋገነት ቅሉን አስቀመጡና ወደ ውጭ ወጡ። ተከትያቸው ስወጣ ከግድግዳው ጥግ ፊታቸውን ሸፍነው ቆመዋል።

«እኔ አንድ ጠብታ አልላክሁም» አሉኝ። «አንድ ጠብታ! ያቺ ድሃ ከየት አምጥታው ነው?»

ከዚያው ቀጥ ብለው ወደ እንኳየሁ ቤት ሄዱ፤ እኔም አብሬ። እንኳየሁ ከደጇ ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች ነበር። ስታየን ተነሣች፤ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ጎንበስ ብላ እጅ አልነሣችም።

«እንኳየሁ፣ ለበላቸው ያንን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ሲያባርረኝ ስምዎን ጠርቶ ነግሮኛል።»

«ወተቱንስ? በኔ ስም የሰጠሻት ለምንድን ነው?»

«ከኔ ሲሆን አልጠጣ አሉኛ። አንድ ቀን አንቱ ወተት ይዘው ከደጃፉ ሲመለሱ በግድግዳው ቀዳዳ አይቼ ነበር። ሊያመጡላቸው አስበው ነበር ማለት ነው ብዬ፣ በማግስቱ ፈትሌን ሸጬ የገዛሁትን ‹ከእትዬ ሸዋገነት ነው› አልኳቸው። ጠጡት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምን ልበል?»

«በኔ አልተቀየምሽም?»

እንኳየሁ አንገቷን አቀረቀረች። «ምነው አልቀየም፣ እትዬ? ሰው አይደለሁ? ከደጅ ሲመለሱ ካየሁ ወዲህ ስምዎን በጠራሁ ቁጥር ይመረኝ ነበር። እሳቸው ግን ይጠጡ ነበር።»

ወይዘሮ ሸዋገነት ጎንበስ ብለው የእንኳየሁን ጉልበት ሊስሙ ሲሉ እንኳየሁ ደንግጣ ክንዳቸውን ያዘች፤ ተቃቅፈውም ቆሙ። ከዚያ እንኳየሁ እንባዋን ጠርጋ፣ «ይልቅስ ዛሬ ውሃ የሰጣቸው አለ?» ብላ ጠየቀች፤ መልሱን ሳትጠብቅ እንዝርቷን አስቀምጣ ወደ በሽተኛዋ ቤት ሮጠች።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ሲሰበሰብ ወይዘሮ ሸዋገነት ከመቀመጫቸው ተነሡ። «በድብቅ ያወራሁትን በግልጽ ላፍርሰው» ብለው የሆነውን ሁሉ፣ የወተቱንም ነገር ሳያስቀሩ ተናገሩ። አንዳንዱ አጉረመረመ። እማዋይሽ የምትባል ቀንደኛ ጽዋተኛ፣ «እንዲህ ያለውን ለንስሐ አባት መንገር ይበቃ ነበር፤ ሰንበቴውን ለምን ታሳፍሪዋለሽ?» አለች።

አባ ተክለ ጊዮርጊስ ግን እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «የእንኳየሁ ስም የጠፋው በሰው መካከል ነውና የሚመለሰውም በሰው መካከል ነው። እኔም የምለው አለኝ። የእንኳየሁን እጅ እዩ ብያችሁ ነበር፤ እናንተም አያችሁ፤ አደነቃችሁ፤ ቤታችሁ ገባችሁ። እዩ ማለቴ አድርጉ ማለቴ ነበር። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትለፋ ቆሞ ማመስገን ክርስትና አይደለም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሳጥሬ ልናገር። ለበላቸው እውነቱ ደረሰው፤ መጥቶ እንኳየሁን ይቅርታ ጠየቀ። የሰፈሩ ወንዶች ወይዘሮ አባይነሽን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሆስፒታል አደረሷቸው፤ እኔም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርሁ። መርፌውን ብዙ ጊዜ ወሰዱ፤ ሰውነታቸው እንደ ድሮው ባይሆንም በእግራቸው ቆመው ተመለሱ። ሐኪሙ እንደነገረን ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር።

ጽዋ ማኅበሩም ደንብ አወጣ። በሰፈሩ የታመመ ሰው ሲኖር ማኅበርተኞቹ በየተራ ውሃውን፣ እሳቱን፣ እጥበቱን ይይዛሉ፤ የኮሌጁም ተማሪዎች እየመጡ በሽታው ሳይጋባባቸው በሽተኛን እንዴት እንደሚያስታምሙ አስተማሯቸው። የጾም ቀን ምሳ አልጋ ለያዘው ሰው ቤት እንዲሄድ ተስማሙ። በዚህ የተነሣ ያተረፍነው ብዙ ነው። በሽታን መደበቅ ቀረ፤ የታመመ ሰው ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። የተጣሉ ጎረቤቶች በአንድ በሽተኛ አልጋ ዙሪያ ሲገናኙ ታረቁ። የእኔም ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ለደካሞች እንጨት ይፈልጡ ጀመር፤ ግብረ ገብ የሚባለው ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ወርዶ እግር ያወጣው ያን ጊዜ ነው።

ጾምና ጸሎትም አልቀነሰም፤ ወይዘሮ ሸዋገነት ዛሬም ቅዳሴ አያስታጉሉም። «ድሮ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ማን እንዳየኝ ነበር የማየው፤ አሁን የበሽተኞቹን ስም ይዤ ስለምገባ ዞሬ ለማየት ጊዜ የለኝም» ብለው ነግረውኛል።

አንድ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እንስራ አዝለው ሲወርዱ አገኘኋቸውና፣ «እትዬ፣ እንግዲህ ቅናቱ ለቀቀዎት አይደለም?» አልኳቸው በጨዋታ።

«ማን አለህ? አልለቀቀኝም» አሉኝ፤ ፈገግ እያሉ። «ዛሬም እንኳየሁን ሲመርቋት ሆዴን ይቆርጠኛል። ልዩነቱ፣ ድሮ ሲቆርጠኝ ወሬ አነሣ ነበር፤ አሁን እንስራ አነሣለሁ።»

ይህን ብለው ማዘያውን አጠበቁና፣ እንኳየሁ ሳትቀድማቸው ቁልቁል ወደ ቀሐ ፈጠኑ።